ነዳጅ የማይጠይቅ ኃይል ዋጋው ከየት ይመጣል?

ስለ ታዳሽ ኃይል በተነገረ ቁጥር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ፀሐይን የሚሸጣት የለም፤ ነፋስን የሚያስመጣ ነጋዴ የለም፤ ዓባይም ሲፈስ ሒሳብ አይጠይቅም። እንግዲያስ ከእነዚህ የሚገኘው መብራት ስለምን ገንዘብ ያስከፍላል? ጥያቄው የልጅ ቢመስልም የልጅ አይደለም። በትክክል የመለሰው ሰው ስለ ኃይል ፖለቲካ ከሚባለው ግማሹን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ስለዚህ የዛሬውን ትምህርት ሳንቸኩል ከዚሁ እንጀምር።

ውኃ የሌላቸው ሁለት ሰፈሮች አሉ እንበል። በአንደኛው ነዋሪው ቦቴ ሲመጣ በጀሪካን ይገዛል፤ ገንዘብ ባለው ቀን ሦስት፣ ባጣ ቀን አንድ። በሁለተኛው ነዋሪዎቹ ተበድረው ጉድጓድ አስቆፈሩ። ከዚያ ወዲህ ለውኃው የሚከፍሉት የለም፤ የቁፋሮው ዕዳ ግን ቢጠጡም ባይጠጡም በየወሩ ይጠብቃቸዋል። የናፍጣ ጄኔሬተር እንደ መጀመሪያው ሰፈር ነው፤ ማሽኑን መግዛት ቀላል፣ ማብላቱ ከባድ። ግድብ፣ የነፋስ ተርባይንና የፀሐይ ፓነል እንደ ሁለተኛው ናቸው። ወጪያቸው ከሞላ ጎደል ሁሉ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ያልቃል። ያን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ በእጁ ያለው ጥቂት ነው፤ ሌላው ይበደራል። እንግዲህ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፦ ታዳሽ ኃይል ሲገዛ በአብዛኛው የሚከፈለው ለተበደሩት ገንዘብና ለኪራዩ፣ ማለትም ለወለዱ ነው።

በሒሳብ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኋቸው ናቸው። አንድ መቶ ሜጋ ዋት የፀሐይ ማመንጫ 100 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል፤ በዓመት 200 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ያመነጫል፤ ገንዘቡ በሙሉ ብድር ሆኖ በ20 ዓመት እኩል ክፍያ ያልቃል እንበል። ወለዱ 3 በመቶ ከሆነ የዓመቱ ክፍያ ወደ 6.7 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 3.4 የአሜሪካ ሳንቲም ይደርሳል። ወለዱ 12 በመቶ ከሆነ ግን የዓመቱ ክፍያ 13.4 ሚሊዮን ዶላር፣ የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ደግሞ 6.7 ሳንቲም ይሆናል። ፓነሉ ያው ነው፤ ፀሐይዋም ያችው ናት፤ ዋጋው ግን እጥፍ ወጣ። የአፋርን ፀሐይ ግማሽ ብቻ የሚያገኝ የሰሜን አውሮፓ ከተማ በ3 በመቶ ተበድሮ ቢሠራ፣ በ12 በመቶ ከተበደረው አፋር ጋር በዋጋ እኩል ይወጣል ማለት ነው። ፈጣሪ የሰጠውን ብልጫ ባንክ ወሰደው።

ይህ የድኻ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ በአሜሪካና በአውሮፓ ወለድ ሲወጣ መጀመሪያ ከተመቱት አንዱ የባሕር ላይ የነፋስ ማመንጫ ነበር። የዴንማርኩ ኦርስቴድ በ2023 መጨረሻ ገደማ በኒው ጀርሲ ባሕር ሊሠራቸው የነበሩትን ሁለት ትልልቅ ፕሮጀክቶች ተዋቸው። ነፋሱ አልቀነሰም። ገንዘቡ ተወደደ፤ ዕቃውም ከእርሱ ጋር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ወለዱን የሚወስነው ማነው ቢሉ፣ የአበዳሪው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱም ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ኃይሉን የሚገዛው ክፍል ይከፍላል ወይ የሚል ነው። በብዙ አገር ገዢው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ስለሆነ እርሱ ከታመመ መሸሻ የለም። ሁለተኛው፣ በአገሩ ገንዘብ የተሰበሰበው ክፍያ ነገ ስንት ዶላር ያወጣል የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ዶላሩ ከነጭራሹ ከባንክ ይገኛል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ቅዠት እንዳልሆነ እኛ በዓይናችን አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። በብር ሸጦ በዶላር ዕዳ ለሚከፍል ማመንጫ፣ የሸጠው ኃይል ሳይቀንስ ገቢው ተጎመደ ማለት ነው።

እነዚህ ፍርሃቶች በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚታዩ የጋድና የዲቼቶ ታሪክ ያስተምራል። ጋድ በሶማሌ ክልል፣ ዲቼቶ በአፋር ናቸው። የሳዑዲው አክዋ ፓወር በሁለቱ ቦታዎች እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሆኑ የፀሐይ ማመንጫዎች ለመሥራት በጨረታ አሸንፎ በ2012 ዓ.ም. ውል ተፈራረመ። ያቀረበው ዋጋ ለኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ በጊዜው በአፍሪካ ከታዩት እጅግ ርካሾች አንዱ። ጋዜጣው ሁሉ ዋጋውን አወደሰ። ማመንጫዎቹ ግን አልተሠሩም። ከዚያ ቀደም የጣሊያኑ ኤኔል የመራው ቡድን መተሐራ ላይ ያሸነፈው የ100 ሜጋ ዋት ፕሮጀክትም እንዲሁ መና ቀረ። ርካሽ ዋጋ በጨረታ ሰነድ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ዋጋ የቆመው «ዶላሩ ይመነዘርልናል፤ ድርጅቱ ባይከፍል መንግሥት ይከፍላል» በሚል ዋስትና ላይ ነው። በአገራችን ከግል ኃይል አምራቾች ጋር የተደረጉ ድርድሮች ዓመት ከዓመት ሲጓተቱ የኖሩት በአብዛኛው በዚሁ በዋስትናና በምንዛሪ ጥያቄ ነው። ዋስትናውን መንግሥት ከሰጠ ፍርሃቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከአበዳሪው ትከሻ ወርዶ በግብር ከፋዩ ትከሻ ላይ ዐረፈ።

የአሸጎዳና የአዳማ የነፋስ ማመንጫዎች ግን ተሠርተዋል። አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት ሆኖ በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ ገንዘቡ የመጣው በዋናነት ከፈረንሳይ ነው፤ አዳማ አንድና ሁለት ደግሞ በቻይና ብድር ተሠሩ፤ አንዱ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ እዚህ ተበዳሪው መንግሥት ራሱ ነው። አበዳሪዎቹስ ስለምን ለዘቡ? ተርባይኑም ሆነ ሥራ ተቋራጩ ከአገራቸው ስለሆነ ነው። በአሸጎዳ የፈረንሳይ ኩባንያ፣ በአዳማ የቻይና ፋብሪካዎች ገበያ አገኙ። ብድሩ ለእኛ ልማት፣ ለእነርሱ ኤክስፖርት ነው። ይህን እንደ ነውር የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልቆጥረውም። ነውሩ ውሉን ሳያነቡ መፈረም ነው።

የህዳሴ ግድብ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መንገድ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ የውጭ አበዳሪ ከአጠገቡ አልነበረም። ግብፅ በምትቃወመው የዓባይ ግድብ ላይ ዓለም አቀፍ ባንኮች ገንዘባቸውን ለማሳረፍ አልፈለጉም። ስለዚህ ቦንድ ተሸጠ፤ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን በዓመት ከፋፍሎ ሰጠ፤ ሕዝቡ በ8100 የስልክ መልእክት አዋጣ፤ በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች ሳይቀሩ ቦንድ ገዙ። የመዋጮው ክብር ትልቅ ነው፤ ከጠቅላላው ወጪ ግን ትንሹ እጅ ነው። የቀረው ከመንግሥት ካዝናና ከመንግሥት ባንክ ብድር ተሟላ።

የአገር ውስጥ ገንዘብ የውጭ አበዳሪን ጣልቃ ገብነት ያስቀራል። ዕዳነቱን ግን አያስቀርም። አንድም፣ ባንኩ ለአንድ ትልቅ ተበዳሪ ባበደረ መጠን ለወፍጮ ቤቱና ለአትክልት ነጋዴው የሚተርፈው ያንሳል። አንድም፣ መንግሥት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በሚወስደው ገንዘብ ሲሞላ፣ ሒሳቡ በኑሮ ውድነት መልክ ገበያ የወጣውን ሁሉ ያስከፍላል፤ ቦንድ የገዛውንም ያልገዛውንም። አንድም፣ ሲሚንቶው በብር ቢገዛም ተርባይኑ በብር አይገዛም። ይህን ስል ግድቡን ለማንኳሰስ አይደለም። በእኔ ፍርድ በዚያ ዘመን ሌላ በር አልነበረም፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት ሆኖ ሲመረቅም አገሪቱ እስከዚያ ከነበሯት ማመንጫዎች ድምር ጋር የሚስተካከል አቅም ይዞ ነው። ነገር ግን «በራሳችን ገንዘብ ሠራነው» እና «ማንም አልከፈለበትም» የተለያዩ ንግግሮች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ሲቀላቀሉ እሰማለሁ።

ዕዳው በመጨረሻ የሚመለሰው በታሪፍ ነውና ወደ ታሪፍ እንምጣ። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ሳይነካ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ዋጋው ያልጨመረ ሌላ ነገር መጥቀስ ያቅታል። በ2011 ደረጃ በደረጃ ከፍ ማለት ጀመረ፤ ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ተወሰነ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ቢያጉረመርምም አይፈረድበትም፤ ጭማሪው የመጣው ሌላው ሁሉ በተወደደበት ሰዓት ነው። ሆኖም ርካሽ ታሪፍ ለድኻ ነው ሲባል፣ ለየትኛው ድኻ ብለን እንጠይቅ። ቆጣሪ ላለው ድኻ ነው። ከሕዝቡ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ደግሞ ቆጣሪ የለውም። ለሁሉ በእኩል የረከሰ ታሪፍ ትልቅ ግቢ፣ ሦስት ፍሪጅና የውኃ ማሞቂያ ላለው ሰው የሚሰጠው ድጎማ በአንድ አምፖል ከሚኖረው ይበልጣል፤ ለኩራዝ ተጠቃሚው ምንም አይደርሰውም። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ዝቅተኛ ዋጋ አስቀርቶ ከዚያ በላይ ላለው እየጨመሩ መሄድ ከዚህ ስሕተት የሚያወጣ መንገድ ነው። አሁን ያለው የታሪፍ አደረጃጀት በመርሑ ይህን ይከተላል፤ በመጠኑ ላይ መከራከር ይቻላል።

ሌሎች አገሮች ይህንኑ የማን ይክፈል ጥያቄ እንዴት እንደመለሱት ሁለት ምሳሌ እንይ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ከፀሐይና ከነፋስ ኃይል ለሚያመነጭ ሁሉ ለ20 ዓመት የተወሰነ ዋጋ ለመክፈል ቃል ገባች። አበዳሪው ከመፍራት ዐረፈ፤ ገበሬው ሳይቀር ጎተራው ጣራ ላይ ፓነል ዘረጋ። በዚህ ዋጋና በገበያው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት የሸፈነው በእያንዳንዱ ቤት የመብራት ሒሳብ ላይ የተጨመረ ክፍያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ለኪሎ ዋት ሰዓት 6.88 የዩሮ ሳንቲም ደረሰ። ብዙ ኃይል የሚበሉ ትልልቅ ፋብሪካዎች ግን ከክፍያው በአብዛኛው ነጻ ተደረጉ፤ ከውጭ ተወዳዳሪ ጋር እንዳይሸነፉ ተብሎ። ስለዚህ የፋብሪካውን ድርሻ ጭምር በኪራይ ቤት የሚኖረው ጡረተኛ ተሸከመው። ክፍያው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ተነሥቶ ወጪው ወደ መንግሥት በጀት ተዛወረ። በጀርመን ገበያ ተስፋ የቻይና ፋብሪካዎች ተስፋፉ፤ የፓነል ዋጋም በዐሥር ዓመት ውስጥ ወደ ዘጠና በመቶ ወረደ። ዛሬ መርካቶ ፓነል የሚገዛ ሰው ከዋጋው አንዱን ክፍል የጀርመን ጡረተኛ ቀድሞ ከፍሎለታል ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ምሳሌ ፓኪስታን ናት። ይህቺ አገር ቀደም ሲል ከግል ኃይል አምራቾች ጋር በዶላር የተተመነ ውል ተፈራርማ ነበር፤ ኃይሉን ብትወስድም ባትወስድም ለማመንጫው አቅም ትከፍላለች። ገንዘቧ ሲረክስ ታሪፉ ናረ። ጣራና ገንዘብ ያለው ሰው ምን አደረገ? ርካሹን የቻይና ፓነል ገዝቶ ከመስመሩ ፈቀቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ የገባው ፓነል ወደ 17 ሺህ ሜጋ ዋት ይሆናል ተብሎ ተገምቷል። ለአየሩ መልካም ነው። የድሮው ውል ዕዳ ግን አልጠፋም፤ በመስመሩ ላይ በቀሩት፣ ማለትም ጣራ በሌላቸውና ፓነል መግዛት ባልቻሉት ላይ ተከፋፈለ፤ ታሪፉ እንደገና ጨመረ፤ የሚሸሸውም በዛ። ከተማችን ላይ ፓነል እየበዛ ሲሄድ የእኛም ባለሥልጣናት ይህን ታሪክ ቀድመው ቢያጠኑት ይበጃል።

ስለ ድርቅ ግን አንድ ቃል ሳልል አላልፍም። የእኛ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ ታዳሽ ነው ማለት የማይጎድል ነው ማለት አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ፈረቃ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይም የግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ ጎድሎ ፈረቃ ታወጀ፤ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠውም ተቋረጠ። በአገራችን ነፋስ የሚበረታው በበጋ፣ ግድብ በሚጎድልበት ወቅት ነው። ስለዚህ የነፋስ ማመንጫ በየኪሎ ዋት ሰዓቱ ከግድብ ቢወደድ እንኳ የሚያመነጭበት ወቅት ዋጋ አለው። ዋጋን ብቻ እያወዳደረ የሚገዛ ድርጅት ይህን አያይም።

በመኪናውም ጉዳይ ላይ ትንሽ እንቁም። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። ብዙ የውጭ ጋዜጦች ይህን የአየር ንብረት ፖሊሲ አድርገው ጻፉት፤ ዋነኛው ምክንያት ግን ዶላር ነው። ነዳጅ በየወሩ ዶላር ይፈልጋል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከራሳችን ወንዝ ይመጣል። ሐሳቡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ጥቅሙ ለማን እንደደረሰ መታየት አለበት። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የቻለው ሰው በርካሽ ታሪፍ ይሞላል፤ ከጅቡቲ እህልና ማዳበሪያ የሚያመላልሰው ከባድ መኪና ግን ዛሬም በናፍጣ ነው የሚሄደው፤ የናፍጣ ድጎማ ሲነሣ ዋጋው እያንዳንዱ ኩንታል ላይ ይወድቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ወጥ ቤቱ ነው። ኢትዮጵያ ከምትጠቀመው ኃይል ሁሉ ወደ ዘጠኝ ዐሥረኛው የሚመጣው ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከገለባ ነው። በዓለም መድረክ «ኤሌክትሪካችን ንጹሕ ነው» ስንል እውነት እንናገራለን፤ ኤሌክትሪኩ ግን የኃይላችን ትንሹ ክፍል ነው። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ማገዶ አልቆባት፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው እንደነበር ይታወቃል፤ ከተማይቱን ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የመጀመሪያው የኃይል ፖሊሲያችን እርሱ ነበር፤ ዛሬም የእንጦጦ ሴቶች ጀርባ ላይ አለ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል። ዐሥር ቤት በአንድ ማለዳ እንጀራ ቢጋግር ከ30 ኪሎ ዋት ያልፋል፤ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ተብሎ የተተከለ ትራንስፎርመር ይህን አይችልም። ስለዚህ ግድቡ ሞልቶ ሳለ ሰፈሩ ይጨልማል። ጎረቤት ኬንያም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ደርሶባታል። በቱርካና ሐይቅ አጠገብ የተተከሉት 365 የነፋስ ተርባይኖች፣ 310 ሜጋ ዋት ሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያልቁ፣ ኃይሉን የሚወስደው መስመር ገና ስላልደረሰ መንግሥት ላልተጠቀመበት ኃይል መቀጫ ከፈለ። ማመንጫ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ አይጠፋም፤ ለትራንስፎርመር ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን ግን እስካሁን አላየሁም። በጀትም የሚሄደው ሪባን ወዳለበት ነው።

አሁን የህዳሴው ኃይል በእጃችን ስላለ የመጨረሻው ጥያቄ፣ ለማን ይሸጥ የሚለው ነው። ኬንያ ከወላይታ ሶዶ በተዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ትገዛለች፤ በዶላር ትከፍላለች። የቢትኮይን ማሽን የተከሉ ኩባንያዎችም በዶላር ይከፍላሉ፤ ከማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ስለሚቀመጡ አዲስ መስመር ብዙም አይፈልጉም፤ ሌሊቱንም ቀኑንም እኩል ይወስዳሉ። ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እንዲህ ያለ ገዢ ሲሳይ ነው፤ ይሁንና ድርጅቱ ራሱ ለአዲስ የቢትኮይን ኩባንያዎች ፈቃድ መስጠት አቁሟል። ፋብሪካው በብር ይከፍላል፤ ሥራ ግን ይፈጥራል። ባለ ምጣዷ በብር ትከፍላለች፤ የምትፈልገው ኃይል በጠዋት ሁለት ሰዓት ይከማቻል፤ ለእርሷ ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ያስፈልጋል። በንግድ ሚዛን ብቻ ከተመዘነ እርሷ ሁልጊዜ መጨረሻ ናት፤ ማንም ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሒሳቡ እንዲያ ስለሚል ነው።

ሒሳቡን የሚለውጠው ውሳኔ ነው። በዶላር ከሚሸጠው ኃይል ገቢ አንድ የታወቀ እጅ፣ በሕግ ተቆርጦ፣ ለማከፋፈያ መስመርና ለትራንስፎርመር ብቻ ይዋል፤ ቆጣሪ የማስገቢያውም ክፍያ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከወር ሒሳብ ጋር በረጅም ጊዜ ይከፈል። ይህን የሚወስነው ማመንጫውን የሚያስተዳድረው ድርጅት አይደለም፤ ዕዳው በትከሻው ላይ ነውና አይጠበቅበትም። በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤት ነው።